ካርቶኑ ላይ ያለችው ሰቢሪና

ሻርጃ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰቢሪና ዲኖ፣
ሮቤ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ሱቅሽን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልሽ፣ እጅሽን አያድክምብሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እህቴ ጁሀራ እንዴት ናት? የደም ግፊት መድኃኒቷን በዕቃ አመላላሹ በቀመር እጅ ልኬያለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ እንድትወስድ አስታውሻት፤ ሲሻላት ታቆማለች፣ ልማዷን አውቀዋለሁ።

ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ካርቶን ይደርስሻል። ውስጡ ያለው የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ነው፤ እናንተ ኩለር የምትሉት። አራት የመዳብ ቱቦ፣ ሃምሳ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል፣ አንድ ፋን አለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ዕቃ ስሸጥ ኖሬ፣ ዘንድሮ እኔ ስም ያወጣሁለት ዕቃ ፋብሪካ አሠራሁ። ሳነቴ ብዬዋለሁ። ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴ አምባ ብርድ የቀመሰ ሰው ለምን እንዳልኩት ይገባዋል።

ከአንቺ የምፈልገው ግምገማ ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ስንት ዲግሪ ነው፣ ሙሉ ጭነት ላይ ስንት ይደርሳል፣ ድምፁስ እንዴት ነው? አንድ ቀን ይበቃሻል። እንዳትደክሚ ብዬ ጽሑፉን አዘጋጅቼ ካርቶኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቁጥሮቹን ሙዪ፣ ፈርሚ፣ ፎቶውን በኢሜይል ላኪልኝ። በባሌ የኮምፒውተር ነገር ሲነሳ ሰው የሚጠራው የአንቺን ስም እንደሆነ ቀመር ነግሮኛል። ስምሽን ካርቶኑ ላይ አወጣዋለሁ። ለአንቺም ክብር ነው። እስከ ጥቅምት አሥር እጠብቃለሁ።

ኤሱማሽ ከማለዲን

*

ሮቤ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ወንድም፣ ለኤሱማ ከማለዲን፣
ሻርጃ

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ያንን የሰው አገር ሙቀት ያቅልልዎት። እማዬ ደህና ናት። መድኃኒቱ ደርሷታል፣ መርቃዎታለች።

ካርቶኑን ቀመር ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ሮቤ ላይ ማቀዝቀዣ?» አለኝ። «መስኮቱን ክፈቺለት እንጂ! ይሄ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ጋቢ ነው።» ከአዳማ ሮቤ ዕቃ ሲያመላልስ ምላሱም እንደ መኪናው አያርፍም።

መጀመሪያ ያናደደኝን ልናገር፤ ከዚያ ወደ ቁጥሩ እሄዳለሁ። ያዘጋጁልኝ ወረቀት «እኔ ሰቢሪና ዲኖ ሳነቴን በባሌ ደጋ ፈትኜ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ይላል። ይህ የተጻፈው ዕቃው ገና ሻርጃ ሳለ ነው። ምኑን ነው የፈተንኩት? ወረቀቱን ቀድጄ ጥዬዋለሁ።

አሁን ቁጥሩ። ኩለሩን የገጠምኩት በሀብተሚካኤል ኮምፒውተር ላይ ነው። ሀብተሚካኤል ከዱቄት ወፍጮው አጠገብ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። በአንዱ ላይ ሳነቴን ገጠምኩ። በሌላው ላይ ከሦስት ዓመት በፊት የገጠምኩለትን አሮጌ ኩለር፣ ቅጠሎቹ የተራራቁትን፣ እንዳለ ተውኩት። የክፍሉ ሙቀት አሥራ ስድስት ዲግሪ ነበር። ሁለቱንም አንድ ሰዓት ሙሉ ጭነት ላይ አዋልኳቸው። አሮጌው ሰባ አራት ዲግሪ ላይ ቆመ፤ ሳነቴ ስልሳ ሰባት ላይ። ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። እኛ ያለነው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ ከሻርጃው ያነሰ አየር ነው የሚገፋው። ይህ ሁሉ ታስቦ ስልሳ ሰባት ጥሩ ቁጥር ነው። አልደብቅም።

ግን አልፈርምም። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ተኩል አይሞላም። እርስዎ የሲናና ልጅ ነዎት፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር እዚህ ምን እንደሚነፍስ ላስረዳዎት አይገባም ነበር። ኮምባይነሩ ያጭዳል፣ የጭነት መኪናው ይጭናል፣ ወፍጮው ይፈጫል፣ እብቁ በየቤቱ ይገባል። በየዓመቱ ጥር ላይ ወደ ሱቄ ከሚመጣው ኮምፒውተር ግማሹ ሌላ በሽታ የለበትም፤ እብቅ አንቆት ነው። ሀብተሚካኤልም ሰርግ የሚበዛለት ያኔ ስለሆነ ማሽኑ ሙሉ ቀን ሙሉ ጭነት ላይ ይውላል። ኩለር ባሌ ላይ የሚፈተነው በዚያ ወር ነው። በስንዴ አቧራ መካከል ተፈትኖ ያላለፈ ኩለር ለእኛ ኩለር አይደለም። ጥር ሲያልቅ ግምገማዬን እጽፍልዎታለሁ።

ሰቢሪና ዲኖ

*

ሻርጃ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰቢሪና፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። እናትሽንና አንቺን አላህ ይጠብቃችሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ቀድጄ ጥዬዋለሁ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታላቅ እህቴ ሆና እናትሽ እንኳ እንዲህ ያለ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

እዚህ አገር ገምጋሚ ዕቃውን ጠዋት ተቀብሎ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮውን ይለቃል። ማንም ገለባ አይጠብቅም። ኩለርን በኮምባይነር የምትገመግም በዓለም ላይ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አትቀሪም። የገለባ ፕሮፌሰር!

ውሸት ጻፊ አላልኩሽም። «ስልሳ ሰባት ዲግሪ» ያልሽው አንቺ ነሽ። «ጥሩ ቁጥር ነው» ያልሽውም አንቺ ነሽ። እንግዲያውስ ሙሉውን ጽሑፍ ተዪው፤ ያንኑ በሁለት መስመር ጻፊና ፈርሚበት። ኮንቴይነሩ በኅዳር ይነሳል። ካርቶኑ ከዚያ በፊት መታተም አለበት።

ደግሞ አትርሺ። አንቺ የተቀመጥሽበት ሱቅ የእኔ የሬዲዮ ጥገና ቤት ነበር። ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠሽ ብሎን ስታቀብዪኝ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ካቻቢቴ አያያዝ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ።

ከማለዲን

*

ሮቤ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማ ከማለዲን፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ። አላህ ጤና ይስጥዎ። እማዬ ሰላም ብላዎታለች፤ ስለዚህ ጉዳይ የምታውቀው የለም።

ስልሳ ሰባት የጥቅምት ቁጥር ነው። የጥቅምትን ቁጥር ጽፌ ጥር ላይ ለሚገዛ ሰው ብሰጠው ውሸት ነው፤ በሁለት መስመርም ሆነ በሁለት ገጽ።

ሱቁ የእርስዎ እንደነበር አልረሳሁም። ሌላም ያልረሳሁት አለ። ሬዲዮ ጠግነው ሲጨርሱ ለባለቤቱ አይሰጡም ነበር። መደርደሪያው ላይ ሦስት ቀን ከፍተው ያስቀምጡታል። ባለቤቱ «ይኸው ይናገራል፣ ስጠኝ» ብሎ ይቆጣል፤ እርስዎ ደግሞ «ዛሬ መናገሩን አየሁ፤ ነገ መናገሩን አላየሁም» ብለው ይመልሱታል። ሰውየው እየተራገመ ይሄድና በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። በዚህ ነው ከገሰራ ድረስ ሰው ሬዲዮውን ተሸክሞ ወደ እርስዎ ይመጣ የነበረው። ሻርጃ ሲገቡ ሦስቱን ቀን የት ጣሉት?

እኔም የምኖረው በዚያው ነው። አምና ከአጋርፋ አንድ መምህር ኮምፒውተሩን በአውቶቡስ ጭኖ መጣ። ከፍቼ አየሁትና «ይሄ አይነሳም፤ እዚህም ሌላም ቦታ አትድከም» ብዬ መለስኩት። ዕቃውን ሳልነካለት ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ከአጋርፋ የሚመጣው ሰው ሁሉ «መምህሩ ልኮኝ ነው» ይለኛል። እምቢ ስል ስለሚያምኑኝ ነው እሺ ስል የሚያምኑኝ። ሱቁ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ የለኝም።

ኮንቴይነሩ ካልተነሳ ገና መላ አለው። ፋብሪካውን ቅጠሎቹን እንዲያራርቅ ይጠይቁት። ከሃምሳ ሁለቱ ሠላሳ ይበቃል፤ ክፍተቱ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ቢሆን የጥቅምቱ ቁጥር ይከፋል፣ የጥር ግን ይሻላል። ያንን ከላኩልኝ ከልቤ እፈትነዋለሁ፤ ካለፈ ከልቤ እፈርማለሁ። ያለበለዚያ ጥር እስኪያልቅ ስሜን የትም አያስገቡት። ይህን በግልጽ ጽፌያለሁ።

ሰቢሪና

*

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማ ከማለዲን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ለኅዳሩ ደብዳቤ መልስ ሳይመጣ ሰባት ሳምንት ሆነ። መልሱን ዛሬ ጠዋት ከቀመር መኪና ላይ ሲወርድ አየሁት።

ሦስት ሰዎች ካርቶን እያቀባበሉ ነበር። በእያንዳንዱ ካርቶን ጎን ፎቶዬ አለ፤ ባለፈው ዓመት በዒድ እየሳቅሁ የተነሳሁት፣ እማዬ የላከችልዎ። ከፎቶው ሥር በአማርኛና በኦሮምኛ «በባሌ የስንዴ አቧራ መካከል ተፈትኖ ያለፈ። ሰቢሪና ዲኖ፣ ሮቤ» ይላል።

ቀመር ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። «ዝነኛ ሆንሽ! ከእንግዲህ በቀጠሮ ነው የምናገኝሽ።»

«ይሄን ማን ፈቀደ?» አልኩት።

«ኤሱማሽ ነዋ!»

«እኔ አልፈቀድኩም።»

«አንቺና እሱ አንድ ቤት አይደላችሁ እንዴ? የአንድ ቤት ሰው በማኅተም ነው እንዴ የሚፈቃቀደው?»

ከቀመር ጋር አልተጣላሁም። እሱ እንደዚያ ያምናል፤ ግማሹ ሮቤም እንደዚያ ያምናል። የዘመድ በሬ ሳይጠይቁ ይጠመዳል፣ የዘመድ ስምም እንደዚያው። እርስዎ ግን ጠይቀውኝ ነበር። ጠየቁኝ፣ እምቢ አልኩ፣ እምቢታዬን አንብበው ከውስጡ የሚመቸዎትን ቃል መርጠው አተሙት። «ተፈትኖ ያላለፈ ኩለር ለእኛ ኩለር አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ «ያላለፈ» የሚለውን «ያለፈ» አድርገው ካርቶን ላይ አወጡት። ማስጠንቀቂያዬን ማስታወቂያ አደረጉት። ሌላ ሰው ቢያደርገው ፖሊስ ጣቢያ እሄድ ነበር። እርስዎን የት ልክሰስዎ? እማዬ ዘንድ?

ፈተናው አላለቀም። አጨዳው ዘንድሮ ዘግይቶ ገና ጋለ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለቀመር ዛሬውኑ ደውለው ሽያጩን ያስቁሙ። ስሜ ከየካርቶኑ ይነሳ።

ሰቢሪና ዲኖ

*

አጅማን፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰቢሪና፣

አሰላሙ አለይኩም።

ሽያጩ አይቆምም። ዕቃው ጥሩ ነው። ያልፋል ብዬ አምኜ ነው ያለፈ ያልኩት፤ የሦስት ሳምንት ነገር ነው፤ «ያልፋል» እና «ያለፈ» ምን ያራርቃቸዋል? ባያልፍ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከሥሩ ያለውን መከላከያ ፕላስቲክ ሳትልጪ ገጥመሽው ይሆናል። እናንተ አገር ሶፋም ፍሪጅም ከነፕላስቲኩ አይደል የሚኖረው?

አቧራው ካስጨነቀሽ መላው ቀላል ነው። በአጨዳ ወቅት ኮምፒውተሩን በዳንቴል ሸፍኑት። እናትሽ ቴሌቪዥኑን እንደምትሸፍነው። ቀመርም ይህንኑ ለገዢዎች እንዲነግር አዝዤዋለሁ።

ስሜን ያንሱ ትዪኛለሽ። ስምሽ የእህቴ ልጅ ስም ነው፤ ከመንገድ ያነሳሁት አይደለም። ባልወድሽ አላትመውም ነበር። ፊርማሽን አልፈልግም፣ ግምገማሽንም ከእንግዲህ አልፈልግም። የምፈልገው ዝምታሽን ብቻ ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ዝም በይ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪ።

ከማለዲን

*

ሮቤ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማ ከማለዲን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አድራሻዎ ከሻርጃ ወደ አጅማን ተቀይሯል። ለምን እንደሆነ አልጻፉልኝም። ደህና ይሁኑ ብዬ አልፋለሁ።

ጥር አልቋል። የገባሁት ቃል ስለሆነ ግምገማዬ ይኸውና።

ሳነቴ እስከ ጥር አሥር ድረስ በሙሉ ጭነት ከሰባ ሁለት ዲግሪ አላለፈም። ጥር አሥራ አራት ሰማንያ አንድ ደረሰ። ጥር አሥራ ስምንት ቀን እሑድ ሀብተሚካኤል የሰርግ ቪዲዮ እያወጣ ሳለ ዘጠና ስድስት ደርሶ ኮምፒውተሩ ራሱን አጠፋ። በዚያው ቀን ሦስት ጊዜ ጠፋ። «ሙሽሪት ቪዲዮዋን የምታየው ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ነው» እያለ ሀብተሚካኤል ራሱን ይዞ ተቀመጠ። አሮጌው ኩለር በዚያው ክፍል፣ በዚያው አቧራ፣ በዚያው ሥራ ሰባ ሰባት ላይ ነበር።

ከፈትኩት። በፋኑና በቅጠሎቹ መካከል እብቁ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ከአሮጌው በብሩሽ ጠርጌ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የሳነቴ ክፍተት ብሩሽ አያስገባም። ፈትቼ በመርፌ ስለቅመው ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ በአምስተኛው ቀን ተመልሶ ሞላ። በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባው ፔስት ደህና ነበር። ፕላስቲኩን የላጥኩት መስከረም ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ስልጠው ሀብተሚካኤል በቪዲዮ ቀርጾታል፤ አያይዤዋለሁ። ለአሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ነው የሰደቡት።

ስለዚህ፦ ሳነቴ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ጥሩ ኩለር ነው። ባሌ ላይ፣ በአጨዳ ወቅት፣ አይሆንም። ይህን መስከረም ላይ አንድ ቀን አይቼ ላውቀው አልችልም ነበር። እርስዎም አላወቁም። ልዩነታችን እኔ አለማወቄን መናገሬ ነው።

አሁን ስለ ዳንቴሉ። አዜብ የምትባል ሴት ጎባ ውስጥ ማመልከቻና ውል ትጽፋለች፤ ቤት የምታስተዳድረው በአንድ ኮምፒውተር ነው። ሳነቴን ገዛች። ቀመር እንዳዘዙት ነገራት፤ እናቷ የሠራችውን ወፍራም ዳንቴል ከላይ እስከ ታች አለበሰችው። እብቁን ከማስቆም ይልቅ ሙቀቱን አፈነው። ጥር ሃያ ሁለት ማዘርቦርዱ ተቃጠለ። ተሸክማ መጣች።

«ዕቃውን አላየሁትም» አለችኝ። «ስምሽን አየሁና ገዛሁ።»

«አዜብ፣ እኔ አልፈረምኩም።»

«ፎቶሽስ? ዳንቴሉንስ አንቺ አይደለሽም እንዴ ያልሽው?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲህ የትኛዋን ሰቢሪና ልመን? የምትስቀዋን ወይስ ይቺን?»

አሮጌ ማዘርቦርድ ፈልጌ ሠርቼላታለሁ። ኮምፒውተሯን ታቅፋ ስትወጣ አመሰገነችኝ፤ ግን ወደ ጎባ የሚሄደው ታክሲ እስኪመጣ ከሱቄ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ፣ ከፀሐዩ ላይ ቆማ ነው የጠበቀችው። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ያለ ነገር አልደረሰብኝም።

በዚያው ቀን በሱቄ መስኮት ላይ በሁለቱም ቋንቋ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ሳነቴ በሚባለው ኩለር ላይ ስሜና ፎቶዬ የታተመው ያለ ፈቃዴ ነው። በአጨዳ ወቅት አይሆንም። በጨርቅ አትሸፍኑት። የገዛችሁ አምጡት፤ ያለ ክፍያ እፈታላችኋለሁ።» የጠየቁኝ ዝምታ ይህ ነው።

ሰቢሪና ዲኖ

*

አጅማን፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰቢሪና፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾም ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ቃሌን አለሰልሳለሁ።

አድራሻዬ ለምን እንደተቀየረ ጠይቀሽ ነበር። የሻርጃውን ሱቅ ቁልፍ መልሻለሁ። የቀረው ሳነቴ እኔ የምተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳውን እስከ ኮርኒሱ ይዞታል፤ የምሰግደው በካርቶኖቹ መካከል ነው። ከየአቅጣጫው አንቺ ትስቂብኛለሽ።

ቀመር ተጨማሪ ዕቃ አልወስድም ብሏል። ሰው ሁሉ መስኮትሽን እያነበበ ይመልስበታል። ደስ ይበልሽ። ሰው እንዲህ ያደርገኛል ብዬ ከጠላት ጠብቄ ነበር፤ ከእህቴ ልጅ አልጠበቅኩም። ስለ ቅጠሎቹ የጻፍሽው ሲደርሰኝ ዕቃው ተሠርቶ አልቆ ነበር። ምን ላድርግ ኖሯል? ባሕር ውስጥ ልጣለው?

የቀረውን ወደ ጅማና ወደ ነቀምት እልካለሁ። እዚያ የቡና አገር ነው፣ የስንዴ አቧራችሁ የለም። ካርቶኑን እንደገና ማሳተም አልችልም፤ ከነስምሽ ይሄዳል።

ለጁሀራ ትናንት ደውዬ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት፤ አላፍርም። እሷ ትፍረድ። ወረቀቱን ከመስኮቱ ላይ አንሺ።

ኤሱማሽ ከማለዲን

*

ሮቤ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤሱማ ከማለዲን፣

አላህ ጾምዎን ይቀበልዎ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ቃሌን እንደ እርስዎ ማለስለስ ግን አልተሳካልኝም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይህ ሦስተኛው ነው።

እማዬ ፈርዳለች። ለእርስዎ ነው የፈረደችው። አፍጥረን ሳህኑን ሳላነሳ ጠራችኝ።

«ወረቀቱን አንሺ» አለችኝ።

«እማዬ፣ የዋሸው እሱ ነው።»

«መዋሸቱን ማን አጣው? ከማለዲንን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ ሲዋሽ በስልክም አውቀዋለሁ። ግን ካርቶን መሃል ነው የሚያድረው።»

«የእኔስ ስም?»

«ስምሽን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ለወንድሜ ባውሰው ምን ይለኛል?»

ሐኪሙ አታናድዷት ብሎኛል። በማግስቱ ወረቀቱን አነሳሁ። ይኸው፣ አሸንፈዋል። መስኮቱ ንጹሕ ነው።

ወረቀቱን ሳነሳ ግን ከበሩ በላይ ያለው ታፔላ ታየኝ። «ሰቢሪና የኮምፒውተር ጥገና» ይላል። ከታች እኔ ዝም ብዬ፣ ከላይ ያ ስም ሰው እየጠራ መኖሩ አልሆነልኝም። መሰላል ተውሼ፣ ጨርቅ በቲነር ነክሬ የመጀመሪያውን ቃል አጠፋሁት። አሁን «የኮምፒውተር ጥገና» ብቻ ነው የሚለው። ሀብተሚካኤል ከታች መሰላሉን ይዞ «እብድ ነሽ» ሲለኝ ነበር። መሰላሉን ግን አልለቀቀም።

ስሙን እናቴ ሰጠችኝ፣ እናቴ አዋሰችው፣ እርስዎ ወሰዱት። ጅማም ነቀምትም ይዘውት ይሂዱ። እኔ አልጠራበትም።

ትናንት ከአጋርፋ አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ኮምፒውተር አምጥተው ነበር። ካርቶኑንም ይዘውታል። ታፔላውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ።

«ሰቢሪና የምትባለው የት ናት?» አሉኝ።

«ይቺን ነው አባቴ? ካርቶኑ ላይ ያለችውን?»

«አዎ፣ እሷን። ትታመናለች ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«እሷ እዚህ የለችም። አጅማን ናት፣ ከኤሱማዋ ጋር ነው የምትኖረው። ስለ ዕቃው የምትለው ካለ በእሱ ስልክ ያገኟታል።»

ቁጥርዎን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ከዚያ ሳነቴን ፈታሁ፣ እብቁን ጠረግሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያስቀመጡትን የድሮ ኩለራቸውን መልሼ ገጠምኩላቸው። ሽማግሌው ሙሉውን ጊዜ እጄን ሲያዩ ነበር። «እጅሽ ጥሩ ነው፤ አንቺስ ማን ትባያለሽ?» አሉኝ። ታፔላውን አሳየኋቸው።

ለሌሎቹም ቁጥርዎን እየሰጠሁ ነው። እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሰው ወስዷል። ሲደውሉ ያንሱላቸው። የሚፈልጉት እሷን ነው፤ ስለ አቧራው፣ ስለ ዳንቴሉ፣ ስለ ተቃጠለው ዕቃ ይጠይቋታል። እሷ ፈተንኩ ብላለችና እሷ ትመልስላቸው።

ዒዱን በሰላም ያድርስዎ። ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ የምጽፈው ስም የለኝም።